አልጋ ሥር የነበረችው ልጅ

ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች ተረት የማወራው ተረት አዋቂ ሆኜ አይደለም። ሱቃችን ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ውስጥ፣ ካቶር ሰፈር ነው። ባለቤቴ ከማሉዲን ሳሙና፣ ብስኩትና ደብተር በጅምላ ያከፋፍላል፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ መኪና የሚራገፍበት ሰዓት ነው። ልጆቼ ጀንነትና ሙደሲር ከተቆለለው ካርቶን ሥር እንዳይገቡ አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚይዝልኝ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ያን ያገኘሁት ከአንድ መጽሐፍ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዲሴምበር ዲንካና ኑዌር ከተዋጉበት ጦርነት በኋላ አገሩን ለቆ የሚሄድ አንድ ፈረንጅ የቤት ዕቃውን ሲሸጥ፣ ከማሉዲን ማራገቢያ ሊገዛ ሄዶ ከማራገቢያው ጋር ይዞት መጣ። መጽሐፉ እንደ ትሪ ትልቅ ነው። በየገጹ ሥዕል አለው፤ ንጉሥ፣ ጫካ፣ ዘውድ የደፋች ልጅ፣ እንደ ሰው ቆሞ የሚሄድ አውሬ። የፈረንጆች የድሮ ተረት ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ከማንበብ አያልፍም። ስለዚህ ሥዕሉን እያሳየሁ ታሪኩን ከራሴ እፈጥራለሁ። አንዳንዴ ባለፈው ሳምንት ያወራሁትን እረሳና አንዱን ንጉሥ ሁለት ጊዜ እገድለዋለሁ። ያኔ ጀንነት ታርመኛለች።

ሦስተኛዋ አድማጬ አዲዩ ነበረች፤ የጆሴፊን ልጅ። ጆሴፊን በረንዳችን ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ዲንካ ናት፤ ያደገችው ግን ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ አያንስም። በመጀመሪያው ቀን “ባሌ በጦርነቱ ሞተ፣ ከዚህች ልጅ ጋር ቀረሁ” ነበር ያለችኝ። ልጅቷን የምታናግራት በአማርኛ ብቻ ነው። አንድ ቀን “ምነው በቋንቋሽ አታናግሪያትም?” ብላት፣ “ጁባ ውስጥ አማርኛ የማንም አይደለም። በአማርኛ ማንም አይጠላሽም” አለችኝ። ስቄ አለፍኩት።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ ማርች ወር ላይ ነው። ጆሴፊን የሰፋችውን ልታስረክብ ጁባ ና ባሪ ወደሚባለው ሰፈር ሄዳ ነበር። ልጆቹን ከበረንዳው ጎን ካለችው ዳስ ሥር አስቀምጬ አንድ ከዚያ በፊት ያልደረስንበት ገጽ ገለጥኩ። ሥዕሉ የተሳለው ከአልጋ ሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ በሆዷ ተኝታለች፤ ከፊቷ የተንጠለጠለ አንሶላ፣ ከአንሶላው በታች ሁለት ጸጉራም እግሮች።

“ማርፋይን!” አለ ሙደሲር። የጁባ ልጆች ጅብን እንዲያ ነው የሚሉት።

“ጅብ አይደለም፣ ተኩላ ነው” አልኩት። “ተኩላው በሩን ገፍቶ ገባ። ልጅቷ ደግሞ ብልህ ስለሆነች ቶሎ ብላ...”

“ጫማ የለውም” አለች አዲዩ።

“አውሬ መች ጫማ ያደርጋል፣ የኔ ቆንጆ።”

“ያደርጋል” አለች። ጣቷን በሥዕሉ እግር ላይ አስቀምጣለች። ድምፅዋ ውስጥ ምንም ፍርሃት የለም፤ እኔ ንጉሡን ስገድል ጀንነት እንደምታርመኝ ነው ያረመችኝ። “እነዚያ አድርገው ነበር። ትልቅ ጥቁር ጫማ። የአንደኛው ክር ተፈትቶ ነበር።”

“እነማን?”

“የገቡት።”

ጀንነት ወደ እኔ ቀና ብላ አየች። 

“አልጋ ሥር ነበርኩ” አለች አዲዩ። “እናቴ አትንቀሳቀሺ አለችኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ሸናሁ ብቻ። ከዚያ እናቴን አወጧት።”

“ጆሴፊንን?”

“ማማን አይደለም። ማማ ያኔ አልነበረችም። እሷ ኋላ ነው የመጣችው። እናቴን ነው።”

ይህን ብላ ወዲያው በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ዓይኖቿ ፈጠጡ። ከእጇ ሥር፣ “አትናገሪ ብላኛለች፣ ከተናገርኩ ይወስዱኛል” ስትል ሰማኋት።

 መጽሐፉ ከጭኔ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ፤ አላነሳሁትም። የማስታውሰው ሙደሲር እጄን እየጎተተ “ከዚያስ? ተኩላው በላት?” ሲለኝ ነው። ስንት ጊዜ እንደጠየቀኝ አላውቅም።

ለከማሉዲን በዚያው ቀን፣ የዙሁርን ሶላት ሰግዶ ሲመለስ ነገርኩት። የደብተር እሽግ ላይ ተቀመጠ።

“ልጅ የማትለው የለም” አለ።

“የጫማ ክር ተፈትቶ ነበር አለችኝ፣ ከማል። ይህን ልጅ አይፈጥረውም።”

 “ሰው አገር ነን፣ መሊካ። ልጅቷ እኔ እንደጠረጠርኩት ኑዌር ከሆነች፣ በዲንካና በኑዌር መሐል ገብተሽ አንድ ቃል ብትናገሪ የሚሆነውን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው” አለ።

“ሕፃን ናት እኮ!”

“አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምፈራው።”

ልጠብቅ፣ ነገሩን በዘዴ ልያዘው ብዬ ነበር። አልቻልኩም። ሰኞ ጠዋት ጆሴፊን የስፌት መኪናዋን ክዳን ሳታነሳ አጠገቧ ቆሜ፣ “አዲዩን የወለድሻት አንቺ ነሽ?” አልኳት። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ።

ፊቷ አመድ መሰለ። “ልጄን ምን ብለሽ ጠየቅሻት?”

“አልጠየቅኳትም። ራሷ ነገረችኝ።”

“ልጄን ምን ብለሽ ጠየቅሻት!” ብላ ጮኸች። መንገደኛ ቆሞ አየን። ልጅቷን በአንድ እጇ አንጠልጥላ የስፌት መኪናዋን እንኳ ሳትይዝ ሄደች። ማክሰኞ አልመጣችም፤ ረቡዕ አልመጣችም። ሐሙስ ዕለት በረንዳው ላይ ያለውን ባዶ ወንበር እያየሁ መሥራት አቃተኝ። ልጆቼን ለከማሉዲን ትቼ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ተሳፍሬ ሎሎጎ ሰፈር ወረድኩ።

ጆሴፊን የምትኖርበት ክፍል ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ጆሴፊን ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች፤ ስታየኝ አልተነሣችም፣ አላባረረችኝም። አዲዩ ውጭ ከጎረቤት ልጆች ጋር ነበረች። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ሳልጠይቃት ጀመረች።

“ያኔ ጉዴሌ ሰፈር ነበር የምኖረው። ተኩሱ ሲጀመር ሦስት ቀን ወለል ላይ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ውሃ አለቀብኝና ጠዋት ወጣሁ። የጎረቤቶቼ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኑዌሮች ናቸው፣ ባልየው አስቀድሞ ወደ አገር ቤት ሄዷል፤ ሚስትየዋ ከናስር ከተማ ከመጣች ሦስት ወር አይሞላትም። ከሰላምታ በቀር አንተዋወቅም። ገባሁ። ድስቱ ተገልብጧል። ሰው የለም። ልወጣ ስል አልጋው ሥር የሚተነፍስ ነገር ሰማሁ።”

“ያ አላህ።”

“ልጅ ሆኜ ኢታንግ ከኑዌር ልጆች ጋር ነው የተጫወትኩት። ጎንበስ ብዬ በቋንቋዋ ‘ነይ፣ ውሃ እሰጥሻለሁ’ አልኳት። ውሃ አልነበረኝም። እየተሳበች ወጣች። ሁለት ቀን እዚያ ነበረች፣ መሊካ።”

የልጅቷን ልብስ ለውጣ፣ ጭንቅላቷን በሻርፕ ሸፍና ወደ ራሷ ወደ ጆሴፊን ዘመዶች ልትወስዳት ወጣች። መንገድ ላይ ኑዌር የሚፈልጉ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሟት።

“‘ማን ናት?’ አሉኝ። ‘ልጄ ናት’ አልኩ በዲንካ። ‘ታናግረን’ አሉ። ‘ዱዳ ናት’ አልኳቸው። አንደኛው እውነት መሆኑን ሊያይ ጉንጯን በጣቶቹ ቆንጥጦ አጠመዘዘው። አልጮኸችም። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለም። አራት ዓመቷ ነው! እኔ ልጮህ ነበር። እሷ አልጮኸችም። ‘እለፊ’ አሉኝ።”

እጄ በራሱ ተነሥቶ የራሴን ጉንጭ ያዘ። የጀንነትን ፊት አሰብኩ፤ ጀንነት መርፌ ስትወጋ ከመንገድ ማዶ ትሰማለች።

“ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ሆነች” አለች ጆሴፊን። “አዲዩ አልኳት። ሌላ ሰው እንዳያውቃት አማርኛ አስተማርኳት። የራሷን ቋንቋ ስታወራ አፏን እይዝ ነበር። መጀመሪያ ለነፍሷ ብዬ ነው። ወላሂ እንደምትሉት፣ ለነፍሷ ብዬ ነው።”

“እናቷስ?”

“ሞታለች ብዬ ነበር።”

እንባዬን እየጠረግኩ “አላህ ነፍሷን...” ማለት ጀምሬ ቆምኩ። “ብዬ ነበር? አሁንስ?”

አንገቷን ደፋች። ከውጭ የልጆቹ ሳቅ ይሰማል።

“ጆሴፊን። አሁንስ?”

“ባለፈው ዓመት ጁን ላይ ጨርቅ ልገዛ ገበያ ነበርኩ። ኑዌሮች ከተጠለሉበት የዩኤን ካምፕ የወጣች አንዲት ሴት ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ትጠይቃለች። ‘ኛጉዋ የምትባል ልጅ ያየ አለ ወይ?’ ትላለች። የልጄ የድሮ ስም ነው። ስሙን ብቻ ብትል፣ ስም ብዙ ነው እል ነበር። ‘አልጋ ሥር የቀረች’ አለች። ‘እናቷ ካምፕ ውስጥ ናት፣ በሕይወት አለች’ አለች።”

 ቅዳሜ የደነገጥኩ መስሎኝ ነበር፤ የቅዳሜው ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ከጁን እስከ ማርች በጣቴ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ወር። ዘጠኙን ወር ይህች ሴት በረንዳዬ ላይ ስትሰፋ፣ ከልጆቼ ጋር ስትበላ፣ ሙደሲር ሲታመም አዝላው ክሊኒክ ስትሮጥ ነበር።

“ምን አልሻት ሴትየዋን?”

“‘አላየሁም’ አልኳት።”

“የሰው ልጅ ሰረቅሽ!” አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ።

“አዎ” አለች።

ልትከራከረኝ ጠብቄ ነበር። አዳንኳት ትላለች፣ አሳደግኳት ትላለች ብዬ ነበር። “አዎ” ብቻ ብላ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ መቆጣት አልቻልኩም፤ መሄድም አልቻልኩም። አዲዩ በመሐሉ ገብታ “ማማ፣ ራበኝ” አለች። ጆሴፊን ተነሥታ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት፤ ፍርፋሪውን ከአገጯ ጠረገችላት።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ፣ “እስከ ቅዳሜ ስጪኝ” አለችኝ።

“ዘጠኝ ወር ወስደሻል።”

“እስከ ቅዳሜ ብቻ። ራሴ አመጣታለሁ፣ ለእናቷ አብረን እንወስዳታለን። ሰው አትላኪብኝ።”

እሺ ብዬ ወጣሁ። ቦዳው ላይ ሆኜ ሞኝነቴ ገባኝ። ሌሊቱን በአንድ መኪና ተሳፍራ ድንበር ብትሻገር ማን ያገኛታል? አርብ ቀኑን ሙሉ ሳሙና ለጠየቀኝ ብስኩት ስሰጥ ዋልኩ። ለከማሉዲን አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ያውቃል፤ ሠላሳ ጊዜ ወደ መንገዱ አይቷል።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። አዲዩ አዲስ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል። ጆሴፊን ግን በእነዚያ ሁለት ቀናት ሥጋዋ የሄደ ይመስል ነበር።

“አንቺ ከፊት ሁኚ” አለችኝ። “ዲንካ ሆኜ እዚያ የኑዌሮች ካምፕ በር ብቻዬን መቆም አልችልም።”

ከማሉዲን ሱቁን ዘግቶ ራሱ በመኪና ወሰደን።  ጀበል አካባቢ ካለው የዩኤን ካምፕ በር ስንደርስ የጠፉ ልጆችን የሚያፈላልጉ ሰዎችን ጠየቅኩ። አንድሩ የሚባል ረጅም ወጣት መጣ። ኑዌር ነው፤ አዲስ አበባ ተምሯል፤ በአማርኛ ስናገር ፊቱ ፈካ። ነገሩን ስጨርስ ግን ፈገግታው የለም።

“ኛጉዋ?” አለ። “የኛቦል ልጅ?” ልጅቷን አየ፣ ጆሴፊንን አየ፣ ሌላ ሳይናገር ወደ ውስጥ ሮጠ። ያን የሚያህል ሰው በቁምጣ፣ በእጁ የነበረውን መዝገብ መሬት ጥሎ።

በሩ አጠገብ ካለ ድንኳን ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እኔ አንዲት የጎሰቆለች ትልቅ ሴት ነበር የምጠብቀው። እየሮጠች የመጣችው ሃያ ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። አንዱ ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከእኛ አምስት እርምጃ ያህል ቀርቷት ገመድ እንደያዛት ቆመች። አንድ ነገር አለች። “ስሟን እየጠራች ነው” አለኝ አንድሩ።

አዲዩ የጆሴፊንን ቀሚስ ያዘች።

እናትየዋ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች፣ እንደገና ተናገረች፤ ረጅም ነገር፣ እየፈጠነች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። በአማርኛ፣ “ምን እያለች ነው?” አለችኝ።

አንድሩ ፊቱን አዞረ። እናትየዋ ቃሉ ባይገባትም ቋንቋው የሐበሻ መሆኑን ለየችው። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። አንድ ጊዜ ልጇን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች፤ እኔን ነው ሌባዋ የመሰለቻት። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያኔ ጆሴፊን ተነሣች። በኑዌር ቋንቋ፣ በልጅነቷ ቃላት፣ እየተደነቃቀፈች መናገር ጀመረች። አንድሩ ለእኔ በሹክሹክታ ይተረጉማል። የበሩን መከፈት ነገረቻት። የአልጋውን ነገረቻት። የመንገዱን፣ የጉንጩን ነገረቻት። እናትየዋ አልጋውን ስትሰማ፣ “ስንት ቀን?” ብላ ጠየቀች።

“ሁለት ቀን።”

“ተመልሼ ልወስዳት ነበር” አለች እናትየዋ። “አምልጬ እዚህ ደረስኩ፤ መንገዱ ተዘጋ። ለሚወጣው ሰው ሁሉ ነገርኩ።” ከዚያ የጆሴፊንን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አስቀመጠችው። ምስጋናዋ ነው።

በልቤ ‘እዚህ ላይ ይብቃ’ አልኩ። ‘ዝም በይ፣ ጆሴፊን፣ ዝም በይ።’ ጆሴፊን ግን እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና አንድ አጭር ነገር ተናገረች። አንድሩ አልተረጎመም።

“ምን አለቻት?” አልኩት።

“‘ከጁን ጀምሮ በሕይወት እንዳለሽ አውቅ ነበር’ ነው ያለቻት” አለኝ።

የእናትየዋ ጥፊ ጆሴፊን ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ከማሉዲን ከመኪናው ወጣ። ሁለተኛው አረፈ። ጆሴፊን እጇን አላነሳችም። አዲዩ ነች የጮኸችው፤ ያን ቀን መንገድ ላይ ያልጮኸችውን ሁሉ አንድ ላይ የጮኸች መሰለኝ። “ማማን አትምቺ! አትምቺ!” እያለች በመሐላቸው ገባችና የእናቷን ጭን በትንንሽ ጡጫዎቿ ትደበድብ ጀመር። እናትየዋ የተነሣ እጇን እዚያው አየር ላይ ተወችው።

ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ብዙ ጊዜ አለቀሰች፤ ማንም አልነካትም። ሲደክማት ልጇን ቀና ብላ ታያት ጀመር። ጥርሷን አየች፣ ጆሮዋን አየች፣ የቢጫውን ቀሚስ ጫፍ አገላብጣ ስፌቱን አየች። ልጅቷ ብታንገራግርም አልሸሸችም።

እናትየዋ ጆሴፊንን ሳታይ፣ ወደ መሬቱ እየተናገረች አንድ ነገር አለች። አንድሩ፣ “እርግጠኛ ነሽ?” የሚል በሚመስል ድምፅ መልሶ ጠየቃት። ደገመችው።

“‘ልጄ ከእኔ ጋር መነጋገር አትችልም’ ትላለች” አለን። “‘የሁለታችንንም አፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ነገ ነይ። ከነገ ወዲያም ነይ። እስክንግባባ ድረስ ትመጫለሽ። ከዚያ በኋላ ፊትሽን ላየው አልፈልግም’ ትላለች።”

ልጅቷን ከእናቷ ጋር ትተናት ስንመለስ ጆሴፊን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ነበር። ከማሉዲን በመስተዋቱ አየኝ፤ እኔም አየሁት። 

ሄደች። በየቀኑ ከሰዓት የስፌት መኪናዋን ሸፍና ወደ ካምፑ ትሄዳለች፤ ፍተሻ ባለበት ቀን ከማሉዲን ያደርሳታል። መጀመሪያ ሰሞን ጆሴፊን ስትለያት ልጅቷ እያለቀሰች በሩ ድረስ ትከተላት ነበር። ኤፕሪል አልቆ ዝናቡ ሲገባ ለቅሶው ቀነሰ። ከዚያ አንድ ቀን ጆሴፊን ገና ፀሐይ ሳትበርድ ተመልሳ መጣች። የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ ክር ግን አላስገባችም።

“ምነው ዛሬ ቶሎ?” አልኳት።

“ዛሬ ሁለቱ ተጣሉ” አለች። “እናቷ ገላዋን ልታጥባት ስትል ልጅቷ እምቢ አለች። ተጨቃጨቁ። በኑዌር ቋንቋ፣ መሊካ፤ እናትየዋ አንድ ስትል እሷ ሁለት። ተርጉሚልኝ ብላ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አልዞረችም። ከዚያ ኛቦል ጭቅጭቁን ተወችና አየችኝ። እኔም አየኋት። ተነሥቼ ወጣሁ።”

“ነገስ?”

“ነገ አልሄድም” አለች። ወደ መርፌው ጎንበስ ብላ ክሩን ለማስገባት ሞከረች፤ ዓይኑን ስታው፣ ደግማ ስትስተው ክሩን ከእጇ ወስጄ አስገባሁላት።